ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደረት ድጋፍ ለደረት አጥንት መጠገን ይረዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ልባቸውን ታክመው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ጎርጎራና በጣና ዙሪያ ወዳሉ ቀበሌዎች የሚመለሱ ሰዎች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ከልባቸው ይልቅ ደረታቸው ያሳስባቸዋል። ልቡ ተሠርቷል፤ ደረቱ ግን ሲያስሉ ያማል፣ ሲገላበጡ ይሳባል፣ አንዳንዴም ሊከፈት የደረሰ ይመስላል። በዚህ መሐል ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «እዚህ ለደረት የሚለበስ ሰደርያ አለ፤ ልላክላችሁ?» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ «በመቀነት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ምክሮች የመነጩ ናቸው። መልሶቹ አጠቃላይ ስለሆኑ፣ ደረትዎን የከፈተው ሐኪም የሰጠዎት መመሪያ ከዚህ የተለየ ከሆነ የእርሱን ይከተሉ።

የደረት አጥንት ሲከፈትና ሲዘጋ በትክክል ምን ይደረጋል?

በአብዛኛው ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ጀምሮ የጎድን አጥንቶች ከፊት እስከሚገናኙበት ታችኛው ጫፍ ድረስ ያለው የደረት አጥንት (በሥጋ ቤት ቋንቋ ፍርምባ የምንለው) በመጋዝ መሐል ለመሐል ለሁለት ይሰነጠቃል። የልቡ ሥራ ሲያበቃ ሁለቱ ግማሾች ተገጣጥመው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በሚሆኑ የማይዝጉ የብረት ሽቦዎች ይታሰራሉ፤ ከላዩም ሥጋውና ቆዳው ይሰፋል። ስለዚህ በሕክምና ዓይን ሲታይ ሰውየው አጥንቱ እንደ ተሰበረበት ሰው ነው። ልዩነቱ፣ የተሰበረ ክንድ በጄሶ ታስሮ ጸጥ ሊል ሲችል ደረትን ግን ጸጥ ማሰኘት አለመቻሉ ነው። በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንተነፍሳለን፤ በቀን ወደ 20,000 ጊዜ ይጠጋል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱም ትንፋሽ የተጋጠመው አጥንት በጥቂቱ ይነካካል። ሽቦው ይህን ዕለታዊ ንቅናቄ በደንብ ይችለዋል። የሚፈትነው ድንገተኛ ሳልና ማስነጠስ ነው።

አጥንቱ እስኪጠገን ስንት ጊዜ ይወስዳል?

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ሰው ደረቱ የጸና ይመስለዋል፤ የዕለት ተዕለት ጉልበት ለመቻል ግን ወደ 3 ወር ይፈልጋል። በሲቲ ስካን የሚታየው የአጥንት መያያዝ ከዚህም ይዘገያል፤ በ6ኛው ወር እንኳ ክፍተቱ ገና የሚታይባቸው ደኅና ሰዎች አሉ። ሕመሙ ስለ ጠፋ ብቻ አጥንቱ ጨርሷል ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በሕፃናት ላይ ሁሉም ነገር ፈጠን ይላል።

የደረት ድጋፍ የሚባሉት ምን ዓይነት ናቸው?

በሰፊው የሚታወቁት ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የሚለጠጥ ሰፊ ቀበቶ ሲሆን ደረትን ዙሪያውን ይይዛል። ሁለተኛው እንደ ፖስቶራክስ ያለው ሰደርያ ነው፤ በትከሻ ይንጠለጠላል፣ ከፊት በኩል ከደረት አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ትራስ መሰል ጠንካራ ነገሮች አሉት፣ እነርሱም ደረቱ በሳል ጊዜ ወደ ጎን እንዳይከፈት ይደግፋሉ። ሦስተኛው ሃርት ሃገር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከፊቱ ሁለት እጀታ ስላለው ሰውየው ሳሉ ሲመጣበት ብቻ እጀታዎቹን አንድ ላይ ጨምቆ ደረቱን ይይዛል፣ ሳሉ ሲያልፍ ይለቃል። ይህ ሦስተኛው አሠራሩ ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ያለው ይመስለኛል፤ ድጋፉ የሚመጣው ሲፈለግ ነው፣ ቀሪውን ጊዜ ሳንባ እንደ ልቡ ይነፋል።

ታዲያ ይረዳሉ ወይስ አይረዱም?

አጥንቱን የሚያያይዘው ሰውነት እንጂ ሰደርያ አይደለም። ሰደርያው ማድረግ የሚችለው አጥንቱ ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ በሳልና በመነሣት የሚደርስበትን መናወጥ መቀነስ ነው፤ በዚህም አጥንቱ የመላቀቅና ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሊቀንስ ይችላል።

በስፋት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በፖስቶራክስ ሰደርያ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ከ2,500 በላይ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሰደርያው የደረሳቸው ቀንም ሌሊትም ቢያንስ ለ6 ሳምንት እንዲለብሱ ታዘዙ። ሰደርያ ካልደረሳቸው ከ100 ሰዎች ከ2 በጥቂቱ የሚበልጡት፣ ከደረሳቸው ደግሞ ከ100 ወደ 1 የሚሆኑት አጥንቱ በመላቀቁ ወይም ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ በመግባቱ ተቸገሩ። ይህ ሲሰሙት «ግማሹን ቀነሰ» ተብሎ የሚሸጥ ውጤት ነው፤ አልተዋሸምም። ነገር ግን ቁጥሩን ገልብጠው ቢያዩት፣ ምንም ሳይለብሱ ከ100 ወደ 98 የሚጠጉት ያለ ጥልቅ ችግር ድነዋል ማለትም ነው።

ከዚህ ሌላ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከታዘዙት ሰዎች ብዙዎቹ ይሞቃል፣ ይጨንቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል ብለው አውልቀውታል፤ ጥቅሙ የሚታየው ለብሰው በቆዩት ላይ ነው። ሆኖም ለብሰው የቆዩትን ካወለቁት ጋር ማነጻጸር ራሱ ያሳስታል፤ ከጅምሩ የከፋ ሕመም ያለበትና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቀድሞ የሚያወልቅ በመሆኑ ነው። ማን እንደ ለበሰና ማን እንዳልለበሰም ከሐኪሙ ሊደበቅ አይችልም። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይመለከተናል። የእነዚህ ጥናቶች ሕሙማን በአብዛኛው 60 ዓመት ያለፋቸው አውሮፓውያን ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የልብ ደም ሥር ቅየራ የተደረገላቸው ናቸው። በዚያ ሕክምና ከደረት አጥንቱ ጀርባ የሚወርደው ደም ሥር ተነሥቶ ለልብ ስለሚውል፣ አጥንቱ ከሚመገብበት ደም ከፊሉን ያጣል። እኛ ዘንድ ደረታቸው ከሚከፈት ሰዎች ብዙዎቹ ግን በሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ሕመም መዘዝ በሆነው የልብ ሕመም) ቫልቫቸው፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በራቸው፣ የተበላሸ ወጣቶች ወይም የልብ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ናቸው፤ ደም ሥሩ አልተነካም፣ አጥንታቸውም ገና ጠንካራ ነው። ስለዚህ የአውሮፓው ውጤት እንዳለ ተገልብጦ ለ22 ዓመት የዳንግላ ልጅ አይሠራም።

በእኔ ግምት ሰደርያውን ከውጭ ለማስመጣት ማሰብ የሚገባው የስኳር ሕመም ያለበት፣ በጣም የወፈረ፣ የሚያጨስ ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ኖሮበት ሳል የማይለቀው፣ አጥንቱ በዕድሜ ወይም ለረጅም ጊዜ በተወሰደ ስቴሮይድ (እብጠትና ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) የሳሳ፣ ወይም ደረቱ ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈተ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ሰደርያ ባይኖር የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው፤ ለአውሮፕላን ዕቃ የሚከፈለው ገንዘብ ለምግብና ለክትትል መመላለሻ ቢውል ይሻላል።

ሰደርያ ካላገኘን በመቀነት፣ በሻሽ ወይም ለወገብ በሚሸጠው ቀበቶ ደረቱን አጥብቀን ብናስረውስ?

አይሆንም። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች አስተሳሰባቸው ቀና ነው፤ የሚላላ ነገር ይታሰራል፣ የወለደች ሴት ወገቧን ትታሰራለች፣ ደረትም እንደዚያው ይመስላቸዋል። ሐኪም ያዘዘው ሰደርያ ከተራ ማሰሪያ የሚለየው ግን በትክክል እዚህ ላይ ነው፤ በደረቱ ልክ ይመረጣል፣ አጥንቱን ከግራና ከቀኝ ይደግፋል እንጂ የጎድን አጥንቶቹን ዙሪያውን አንቆ አይዝም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት የሳንባው ታችኛ ክፍል ገና በደንብ አልተነፋም። በሕመሙ ምክንያት ሰው በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል፤ ደረቱ በመቀነት ሲታሰር ደግሞ ጭራሽ መሳብ ያቅተዋል፣ አክታው ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ሳንባ ምች ይከተላል። ሳንባ ምች ደግሞ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ ያንኑ ልንጠብቀው የፈለግነውን አጥንት ይንጠዋል። አንዲት እናት በክትትል ቀን ልብሷን ስታወልቅ ከብብቷ እስከ ወገቧ ድረስ አራት ዙር የተጠመጠመ መቀነት አየሁ። መቀነቱ በቁስሉ ላይ ላብ አቁሮ ቆዳውን አርሶት ነበር፤ «በረዥሙ ተንፍሺ» ስትባል ትከሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ አለ፣ ጎኗ አልተንቀሳቀሰም። መቀነቱ ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያው ረጅም ትንፋሽ ሳለች፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ጀምሮ ያልወጣ አክታም ወጣላት።

ታዲያ ሲያስለን ደረታችንን በምን እንደግፍ?

በጋቢ። የቤት ጋቢ አጣጥፈው የሕፃን ትራስ ያህል፣ ማለትም ከጡት እስከ ጡት የሚደርስና አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ጠበቅ ያለ ጥቅልል ያዘጋጁ። ሳል ሲመጣ ቁጭ ይበሉ፤ ተኝተው ከሆነ በጎን ተገልብጠው ጉልበትዎን ይጠፉ። ጥቅልሉን በደረትዎ መሐል ላይ ያድርጉ፣ ሁለት እጅዎን በላዩ አጣምረው ክርንዎን ወደ ጎንዎ በማስጠጋት ሕፃን እንደሚያቅፉ ይቀፉት፤ በሚስሉበት ቅጽበት ጫን ያድርጉት፣ ሲያበቁ ይልቀቁት። ጫናው በታችኛው የአጥንት ጫፍ በኩል እንዳይላላ ይጠንቀቁ፤ አጥንቱ በመጀመሪያ መናጋት የሚወደው ከታች ነው።

ይህ ተራ ነገር የሚመስለው የሳልን ጉልበት ስለማናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ልኬታ፣ ሳል ደረት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በአማካይ ወደ 27 ኪሎ እንደሚደርስ አሳይቷል። 5 ሊትር ውኃ ለማንሣት የሚፈራ ሰው በቀን አምሳ ጊዜ ከዚያ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ነገር በደረቱ ይሸከማል ማለት ነው። ሳልን ደግሞ መከልከል አይገባም፤ አክታ መውጣት አለበት። ስለዚህ ማስታገሻዎን በሰዓቱ ወስደው፣ ጋቢዎን ታቅፈው፣ በደንብ ይሳሉ። በማእድ ቤት ጭስ ምክንያት የሚመጣውን ሳል ግን መከላከል ይቻላልና ለሁለት ወር ያህል ከምድጃው ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል በመኪና የሚመለሱ ከሆነም ይኸው ጥቅልል በደረትዎና በመኪናው ቀበቶ መካከል ይግባ። ቀበቶውን ግን አይተዉት።

ጡታቸው ከበድ ያለ ሴቶች የተለየ ነገር ያስፈልጋቸዋል?

አዎ፤ እዚህ ላይ ድጋፍ ሁልጊዜ ከሚመከርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የጡት ክብደት ቆዳውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚጎትት ስፌቱ መሐል ላይ ይወጠራል፣ ከጡት ሥርም ላብ ይጠራቀማል። ከፊት የሚቆለፍ፣ ብረት የሌለው፣ ሰፊ ማንገቻ ያለው የጥጥ ጡት መያዣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ቢለበስ ይህንን ጉተታ ያስቀራል። ከኋላ የሚቆለፈው እጅን ወደ ጀርባ ስለሚያጣምም አይመረጥም። በቁስሉና በጨርቁ መካከል ንጹሕ ስስ የቁስል መሸፈኛ ጋዝ ይደረግ፤ ጨርቁም በየቀኑ ይቀየር።

ለሕፃናትስ?

ሕፃናት ሰደርያ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው የሚያነሣቸው ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ማወቁ ነው፤ ለ6 ሳምንት ያህል ልጁ በብብቱ ተይዞ አይነሣ፣ በእጁም አይጎተት። አንድ እጅ ከመቀመጫው፣ ሌላው ከጀርባውና ከማጅራቱ ሥር ገብቶ እንደ ማንኪያ ይነሣል። አንቀልባ ላይ መታዘሉም ደረቱን በአዛዩ ጀርባ ላይ ስለሚጫነው ለዚያን ጊዜ ይቅር። አያቶች ይህን ቶሎ ይረሱታል፤ ልጁ እጁን ሲዘረጋላቸው በብብቱ ብድግ ያደርጉታልና ለቤተ ሰቡ ሁሉ በግልጽ ይነገር።

ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማዘል፣ ብስክሌት መንዳት መቼ ይቻላል?

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ «ከዚህ ኪሎ በላይ አታንሣ፣ እጅህን ከትከሻህ በላይ አታድርግ» እያሉ በጥብቅ ሲከለክሉ ኖረዋል። አሁን አስተሳሰቡ እየለዘበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ሜልበርን በ72 ሰዎች ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት፣ ሕመም እስካልተሰማቸው ድረስ ክንዳቸውን ወደ ገላቸው አስጠግተው እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ሰዎች በጥብቅ ከተከለከሉት ጋር እኩል አገግመዋል። መመሪያው ክርንዎ ጎንዎን እንዳይለቅ ነው፤ የውኃ ማንቆርቆሪያን ከገላ አስጠግቶ ማንሣትና እጅን ዘርግቶ ከመደርደሪያ ላይ ማውረድ ለአጥንቱ አንድ አይደሉም።

በዚህ መለኪያ፣ ሊጥ በሌላ ሰው ተቦክቶ በተቀመጡበት፣ ጭስ በሌለው ምጣድ ላይ እንጀራ ማስፋት ከ6 ሳምንት በኋላ ብዙም አያስፈራም፤ ማቡካቱና ትልቁን አክንባሎ በአንድ እጅ ማንሣቱ ግን ይቆይ። በጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ገመዱን በደረት ላይ ማጥበቅ፣ ልጅ አዝሎም የአንቀልባውን ማሰሪያ በደረት ላይ ማሰር ከ3 ወር በፊት በፍጹም አይገባም፤ ክብደቱ ከኋላ እየጎተተ ማሰሪያው ቁስሉን ከፊት ይጫነዋል። ለባሕር ዳር ሰው የብስክሌት ነገር ከባድ ክልከላ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግሩ መርገጡ አይደለም፣ መውደቁ ነው፤ 3 ወር ይጠብቁ። ባጃጅ ውስጥ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ሲሄዱ ደግሞ ጋቢዎን ይቀፉ፣ ሹፌሩንም ቀስ እንዲል ይጠይቁት።

በጾም ወቅት ስግደት ይፈቀዳል?

ሰውነትን በሁለት እጅ ከመሬት የሚያስነሣው ስግደት ደረቱን በሙሉ ክብደት የሚወጥር እንቅስቃሴ ስለሆነ ቢያንስ ለ3 ወር ይቆይ። ቁሞ አንገትን ዝቅ በማድረግ መስገድ ይቻላል። ስለዚህም ሆነ ስለ ጾሙ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ ቄስ አልገጠመኝም። አጥንትና ቁስል የሚጠገኑት በፕሮቲን ነውና እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚጾም ሰው ቢያንስ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና (በቤቱ ልማድ ከተፈቀደ) የጣና ዓሣ በየቀኑ ያግኝ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠሩና የሚያጨስ ሰው ማቆሙ ለደረቱ ከማንኛውም ሰደርያ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ቁስሉ ላይ ጠበል ማፍሰስ ወይም ሐይቁ ውስጥ መታጠብስ?

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ቅርፊቱ እስኪወድቅ ድረስ ጠበሉን ይጠጡት ወይም ፊትዎ ላይ ያድርጉት እንጂ ቁስሉ ላይ አያፍስሱት፤ ቅቤም፣ ማርም፣ የተቆላ ቡና ዱቄትም አይደረግበት። ጣና ውስጥ መዋኘት ሁለቱንም ክንድ ስለሚያስወጥር ከ3 ወር በፊት አይሞከርም።

ሽቦዎቹ በኋላ ይወጣሉ?

አይወጡም። ካላስቸገሩ በስተቀር ዕድሜ ልክ ይኖራሉ።

መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብን?

በሚከተሉት ምልክቶች ጊዜ ሰደርያ አጥብቆ ወይም ጋቢ ታቅፎ መጠበቅ አይገባም፤ ድጋፉ ምልክቱን ሊሸፍነው ይችላል። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ሲያስሉ ወይም ሲገላበጡ ሁለት አጥንት ሲፋተግ ወይም «ቀጭ» ሲል ከተሰማዎት፣ ከቁስሉ መግል ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም እየቀነሰ የነበረው ሕመም ተመልሶ ከጨመረ በዚያው ቀን ይሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰጠዎትን የመውጫ ወረቀት ሳይረሱ ይያዙ፣ የተጠቀሙት ሰደርያ ካለም ለብሰውት ሳይሆን በእጅዎ ይዘውት ይምጡ።

ፈሳሹ ጥቂት ነው፣ ነጠላው ላይ ነጥብ ብቻ ነው ብለው አይናቁት። ከአጥንቱ ሥር የሚጀምር ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ በቆዳው ላይ የሚታየው በዚያች ነጥብ ነው።

አባቴ በደንገል ታንኳ እንጨት የሚያመላልሱ ቀዛፊ ናቸው፤ ሰደርያውን ለብሰው ቢቀዝፉስ?

አይችሉም፤ ሰደርያ ለሳልና ለመነሣት እንጂ ለመቅዘፍ አልተሠራም። መቅዘፍ አንዱን ትከሻ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እየሳበ ሁለቱን የአጥንት ግማሾች አንዱን በሌላው ላይ ያፋትጋቸዋል፤ ሰደርያው ደግሞ ይህን ማስቀረት ሳይችል «ተይዟል» የሚል የሐሰት ድፍረት ይሰጣቸዋል። 3 ወር ሞልቶ ሐኪሙ ደረታቸውን በእጁ ነክቶ መጽናቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ በመጀመሪያ ባዶ ታንኳ፣ ዳር ዳሩን፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይጀምሩ። እንጨቱን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሌላ ሰው ይጫንላቸው።